የፈላ አሲድና የወርቅ ማንጠር ሥራ

ወርቅን ከብርና ከመዳብ ለይቶ ማንጠር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ጠባብ የሥራ ቤቶች የሚፈጸምበት መንገድ የባለሙያውን፣ የቤተሰቡንና የጎረቤቱን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ መንገዶች አንዱ በእሳት ላይ በተጣደ ሰልፈሪክ አሲድ መሥራት ነው። ስሙ ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ቢመስልም ፈሳሹን የማያውቅ ሾፌር ወይም መካኒክ የለም፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ እርሱው ነው።

ቀዝቃዛ ሰልፈሪክ አሲድ ብርን እምብዛም አይነካም። ውኃው ወጥቶለት በኃይል ሲግል ግን ብሩንና መዳቡን ያሟሟና ወርቁን እንደ ቡና አተላ በመሰለ ዱቄት መልክ ከሥር ይተወዋል። ለዚህም ሲባል አንጥረኛው አስቀድሞ ከአንድ እጅ ወርቅ ጋር ሦስት እጅ ያህል ብር ያቀልጣል፤ ወርቁ ከበዛ ብሩን ይጋርደዋልና።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1802 ፓሪስ ውስጥ በሰፊው ሥራ ላይ ያዋለው ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ፒየር ዦዜፍ ዳርሴ እንደሆነ ይነገራል። ከናይትሪክ አሲድ ይልቅ ርካሽ ስለነበረ በፍጥነት ተስፋፋ። የሚያስደንቀው ነገር፣ ይኸው ሰው ወርቅ ቀቢ ሠራተኞችን ከሜርኩሪ ጭስ የሚያድን፣ አየር እየሳበ ወደ ላይ የሚያወጣ ምድጃ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1818 ተሸልሞበታል። የሽልማቱን ገንዘብ በኑዛዜ የተወው ራቭሪዮ የተባለ የነሐስ ሥራ ባለሙያ ነበር። አሲዱ ከፓሪስ ወጥቶ ዓለምን ሲዞር የጭስ መውጫው ግን በብዙ ቦታ አልተከተለውም።

የጭሱን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በቀይ ባሕር ዙሪያና በአፍሪካ ቀንድ አንጥረኞች ሲያቀልጡት የኖሩት ማርትሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራሙ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። አንዱ ማርትሬዛ በጋለ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ ከ4 ሊትር በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ክብሪት ሲጫር አፍንጫን የሚሰነፍጠው ነው። አሥር ማርትሬዛ ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ ቢሟሟ ከእያንዳንዱ ሚሊዮን እጅ አየር 1,400 እጅ የሚያህለው ይኸው ጋዝ ይሆናል። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ግን 100 እጁን እንኳ ወዲያውኑ ለሕይወት አስጊ ነው ይሉታል። ጋዙ ከአየር ሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይረጋል፤ አንጥረኛው ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በአብዛኛው ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነው። አቧራ የሚከለክል ጭምብልም ሆነ በአፍንጫ ላይ የታሰረ እርጥብ ጨርቅ ይህን መጠን አያስቆምም። ተጎጂው በመጀመሪያ ሳል ብቻ ይዞት የዳነ ሲመስለው ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

ከጋዙ ሌላ አሲዱ ራሱ ጉም ሆኖ ይነሣል። የጥርስን ገለባ ይበላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ሰልፈሪክ አሲድ ያለበት የጠንካራ አሲዶች ጉም በሰው ላይ ካንሰር፣ በተለይም የማንቁርት ካንሰር፣ እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ1992 አስታውቋል።

የባትሪ አሲድ ከሦስት እጅ ሁለቱ ገደማ ውኃ ነው። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሞክር ሰው ውኃውን ለማስወጣት ያፈላዋል። በመጀመሪያ የሚወጣው ተራ እንፋሎት ስለሚመስል ሰውየው ይዘናጋል፤ ውኃው ሲያልቅ ግን ነጭና ወፍራም ጭስ ይተካል። በዚህን ጊዜ የፈሳሹ ሙቀት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቷል፤ የተጣራው አሲድ የሚፈላው በ337 ዲግሪ ገደማ ነውና። ከሥር የተቀመጠው የወርቅ ዱቄት አፈላሉን እያወከ ፈሳሹን ድንገት ወደ ላይ ያስተፋዋል። ብርጭቆው ቢሰነጠቅ ደግሞ ሁሉም በእሳቱ ላይ ይፈስሳል።

ይህ ፈሳሽ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። እንደ ጋለ ዘይት ይፈጃል፤ ደግሞም ከሥጋው ውኃውን መጥጦ ያከስለዋል። ስኳር ላይ ቢፈስስ ጥቁር ከሰል የሚያደርገው በዚሁ ጠባዩ ነው። የጥጥ ልብስም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

በአሲድ ላይ ውኃ መጨመር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። አሲዱ በክብደት ውኃን 1.84 ጊዜ ስለሚበልጠው ውኃው ከላይ ይንሳፈፍና በቅጽበት ፈልቶ አሲዱን በፊት ላይ ይረጫል። የቀዘቀዘ አሲድ እንኳ ሁልጊዜ ወደ ውኃው፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ እየተማሰለ ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም።

ታላላቅ ማንጠሪያዎች ይህን ድስት ከተዉት ቆይተዋል። ኤሚል ቮልቪል እ.ኤ.አ. በ1874 ሃምቡርግ ውስጥ ወርቅን በኤሌክትሪክ ኃይል የማንጠር ዘዴ አወጣ፤ ለብርም ተመሳሳይ ዘዴ በ1884 ተገኘ። ጥቂት ግራም ወርቅ ያለው ሰው ቤቱን ጋዝ ከሚሞላ ይልቅ ለእነዚህ ማንጠሪያዎች ቢሸጠው፣ በዋጋ የሚጎድልበት ለሐኪም ከሚከፍለው ያነሰ ነው።

አደጋው ደርሶ ከተገኘ፣ አሲድ የነካው ልብስ ወዲያው ወልቆ ገላው በሚወርድ ብዙ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ። ጥቂት ውኃ ሙቀት ስለሚጨምር አይበቃም። ዓይን ከሆነ ሽፋኑ በጣት ተገልጦ ይታጠብ፤ ቅቤ፣ ሶዳ ወይም ቅባት አይደረግበት። የዋጠ ሰው እንዲያስመልስ አይገደድ። ጋዝ የታፈነውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ቀና አድርጎ ማስቀመጥና፣ ደኅና ነኝ ቢልም እንኳ፣ የተነፈሰው ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ነግሮ በዚያው ቀን ማስመርመር ያስፈልጋል።