ሁለት ሥራ፣ አንድ ወሊድ

መርካቶ በርበሬ በረንዳ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ገና ሳትገቡ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። ያስነጥሳል፤ ያስላል፤ ዐይን ያስለቅሳል። ከማረቆ፣ ከሀላባና ከጎጃም የመጣው በርበሬ በጆንያ ተከምሯል። በክምሩ ዙሪያ ሻሻቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ያሰሩ እናቶችና እህቶች ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ፤ ይለቅማሉ። እኛ ለበዓል የምንገዛው በርበሬ በእጃቸው ያለፈ ነው።

እስቲ አንዲትን እህት በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። ስም አልሰጠናትም፤ በእሑድ ጉባኤ አጠገባችሁ የምትቀመጠው ልትሆን ትችላለች። ጠዋት ጠዋት በአንድ ነጋዴ መጋዘን በርበሬ ትለቅማለች። ከሰዓት በኋላ በአንድ ድርጅት ተቀጥራ ቢሮ ታጸዳለች። ቅዳሜ ደግሞ በሰው ቤት እንጀራ ትጋግራለች። አሁን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ለነጋዴው ስትነግረው፣ “አንቺ እኮ ግማሽ ቀን ነው የምትሠሪው፤ የወሊዱን ያኛው መሥሪያ ቤትሽ ይክፈልሽ” አላት። የጽዳቱ ኃላፊ ደግሞ፣ “ሌላ ሥራ እንዳለሽ እናውቃለን፤ እዚያ ጠይቂ” አላት። እንጀራ የምትጋግርላቸው እናት፣ “እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ” ብለው መርቀው ሸኟት። ሦስት ቦታ ሠርታ ከሦስቱም ባዶ እጇን ተመለሰች። ማታ ከባለቤቷ ጋር ቁጭ ብለው ሲያሰሉ የቤት ኪራዩና የአስቤዛው ነገር አልገጥም አላቸው። “እንግዲህ በአሥራ አምስት ቀኔ ሕፃኑን አዝዬ እመለሳለሁ” አለች። የምትመለሰው ወዴት ነው? ወደዚያው የበርበሬ ብናኝ!

እውን ሕጉ እንዲህ ይላልን? አይልም!

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ዝርዝሩን ለግሉ ዘርፍ ሠራተኞች ያስቀመጠው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 88 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን ደመወዝ እየተከፈላት ታርፋለች። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 60 ቀን ብቻ ነበር።

በዚህ አያበቃም። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ጊዜ ደመወዝ አይቆረጥበትም፤ ከጤና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ግን ይጠበቅባታል። ሥራው ለእርሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ አሠሪው ወደ ሌላ ሥራ ሊያዛውራት ይገባል። በእርግዝናዋ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትም ሕገ ወጥ ነው። ጥበቃው ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ይዘልቃል።

ሁለት አሠሪ ሲኖርስ?

የብዙዎች ስሕተት እዚህ ላይ ነው። “ወሊዱ አንድ ስለሆነ ከፋዩም አንድ ነው” ብለን እናስባለን። ነገር ግን በአገራችን የወሊድ ደመወዝ የሚከፍል የጋራ ፈንድ የለም። ለጡረታ በየወሩ የሚቆረጠው መዋጮም ለወሊድ አይደለም። ከፋዩ አሠሪው ራሱ ነው። ስለዚህ መብቱ የሚመነጨው ከእያንዳንዱ የሥራ ውል ነው። ሁለት ውል ካለ ሁለት ግዴታ አለ። “ሌላ አሠሪ ካላት አንዱ ነፃ ይሆናል” የሚል አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ የለም። “ግማሽ ቀን የሚሠራ መብት የለውም” የሚልም የለም። የግማሽ ቀን ሠራተኛ የምታገኘው ያንኑ የግማሽ ቀን ደመወዟን ነው።

በቁጥር እንየው። እህታችን ለምሳሌ ከመጋዘኑ በወር 3,000 ብር፣ ከጽዳቱ 2,500 ብር ታገኛለች እንበል። 120 ቀኑን በአራት ወር ብናሰላው ከመጀመሪያው 12,000፣ ከሁለተኛው 10,000፣ በድምሩ 22,000 ብር ይሆናል። አንዱ አሠሪ በሌላው ካሳበበ ግን ከዚህ ገንዘብ ግማሽ የሚጠጋው ይቀራል። ሁለቱም ካሳበቡ ሁሉም ይቀራል።

ነገሩ ለእኛ አገር ብቻ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሁለት ቦታ የምትሠራ እናት በእያንዳንዱ ሥራ የአገልግሎትና የደመወዝ መስፈርቱን ካሟላች፣ በሕግ የተወሰነውን የወሊድ ክፍያ ከሁለቱም አሠሪዎች ለየብቻ እስከ 39 ሳምንት ልታገኝ ትችላለች። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ሳያውቁ ከአንዱ ብቻ እንዳይጠይቁ እንመክራለን።

“የቀን ሠራተኛ ነሽ”

በበርበሬ በረንዳ የሚሰማው ሌላው መልስ ይህ ነው። ውል አልተጻፈም፤ ሒሳቡም በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በእጅ ይሰጣል። ነገር ግን አዋጁ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። ውሉ አለመጻፉም ሠራተኛዋን መብቷን አያሳጣትም። ከዚህም በላይ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ጊዜያዊና ወቅታዊ ሥራዎች ውጭ ያለ ቅጥር ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይቆጠራል። ለአንድ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምትለቅም ሴት “የቀን ሠራተኛ” ስለተባለች ብቻ ከሕጉ አትወጣም። ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው የምትለቅም ግን አሠሪዋ ማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳታል።

እውነቱን እንነጋገር፤ ሕጉ የማይደርስባቸውም አሉ። በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የምትሠራ እህት በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። በራሷ ኪሳራና ትርፍ መደብ ዘርግታ ቅመም የምትቸረችርም እንዲሁ። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ የመሥሪያ ቤታቸውን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ።

እህቴ ሆይ፣ ምን ታደርጊያለሽ?

• የእርግዝና ክትትልሽን በጊዜ ጀምሪ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። የምትወልጂበትን ግምታዊ ቀን የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቂና ለእያንዳንዱ አሠሪ ቅጂ ስጪ።

• ለሁለቱም አሠሪዎች በጽሑፍ አሳውቂ፤ አንዱን ቅጂ አንቺ ያዢ። መጻፍ ካልቻልሽ ከጉባኤሽ የሚረዳሽ አይጠፋም።

• የሠራሽባቸውን ቀኖችና የተቀበልሽውን ገንዘብ በደብተር መዝግቢ። አብረውሽ የሚለቅሙ እህቶች ምስክሮችሽ ናቸው።

• ከአንዱ ሥራ የወሊድ ፈቃድ ወስደሽ ሌላውን አትቀጥዪ። ፈቃዱ የተሰጠው ሰውነትሽ እንዲያርፍ ነው። በሁለቱም ቦታ እኩል ዕረፊ።

• ከከለከሉሽ አትዘግዪ። የደመወዝና መሰል ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ አስወጥተውሽ ለመመለስ የምትጠይቂ ከሆነ ያለሽ 3 ወር ብቻ ነው። መጀመሪያ የክፍለ ከተማውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አማክሪ። ካልሆነ ፍርድ ቤት አለ፤ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተስ?

የሚስትህ እርግዝና የእርሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። የትኛው ገቢ ይቀጥላል? የትኛው ይቋረጣል? የቅዳሜው እንጀራ ጋገራ ገቢ በሕግ ስለማይተካ አሁኑኑ ሌላ መላ ይፈልጋል። ዕቁብ ካላችሁ፣ ዕጣው በምትወልድበት ወር እንዲሰጣችሁ ዳኛውን አስቀድማችሁ ለምኑ። አንተም በዚያው አዋጅ የ3 ተከታታይ ቀናት የአባትነት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለህና ተጠቀምበት። ሦስት ቀን ጥቂት ናት፤ ቢሆንም ገንፎ ለማገንፋትና ዳይፐር ለማጠብ ትበቃለች። ከሁሉ በላይ፣ “መቼ ነው ሥራ የምትመለሽው?” ብለህ አታስጨንቃት።

አሠሪ ለሆኑ ወገኖች

ከአንባቢዎቻችን መካከል በመርካቶ ሱቅና መጋዘን ያላችሁ፣ በቤታችሁም ሠራተኛ የቀጠራችሁ አላችሁ። ገበያው እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን። የአራት ወር ደመወዝ ለትንሽ ነጋዴ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሙሴ ሕግ የድኻውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድንሰጥ ያዛል (ዘዳ. 24፥14-15)። ያዕቆብም በመልእክቱ የተከለከለ ደመወዝ ወደ ጌታ እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል (ያዕ. 5፥4)። “ሌላው ይክፈላት” ማለት ያን ጩኸት አያስቆመውም። የሁለት ዓመት ሠራተኛ ካለቻችሁ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጣችሁ ብትቆዩ፣ ቀኑ ሲደርስ ዱብ ዕዳ አይሆንባችሁም። ለቤት ሠራተኛችሁ ደግሞ ሕግ እስኪያስገድዳችሁ ለምን ትጠብቃላችሁ? የዕረፍት ጊዜዋንና ደመወዟን በቃል ሳይሆን በወረቀት ተስማሙ። ጉባኤዎቻችንም እንዲሁ፤ አዳራሹን የምትጠርገው እህት ስትወልድ ምርቃት ብቻ ይዛ እንዳትሄድ።

በዘፍጥረት 33 ላይ ዔሳው ወንድሙን ያዕቆብን አብረን እንጓዝ ይለዋል። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ገና ደካሞች መሆናቸውን፣ ከመንጋውም የሚያጠቡ መኖራቸውን ነገረው። አንድ ቀን እንኳ በኃይል ቢነዷቸው ሊሞቱ ስለሚችሉ እርሱ በእነርሱ እርምጃ ልክ በዝግታ ሊሄድ መረጠ። ያዕቆብ በዝግታ ቢሄድም በደኅና ደረሰ።

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተ ዙሪያ በዝግታ ልትሄድ የሚገባት ማን ናት? ሚስታችሁ? ሠራተኛችሁ? ወይስ በርበሬ በረንዳ ተቀምጣ የምትለቅመው እህት? በዚህ ሳምንት አንዷን ጠይቋት፤ መብቷንም ንገሯት።