ያውቁ ኖሯል? 540 ኪሎ ሜትር ያለ መኪና

ከፔንሲልቬንያዋ የብረት ከተማ ከፒትስበርግ ተነስተው፣ የአሌጌኒን ተራሮች ተሻግረው፣ ዋሽንግተን ዲሲ ጆርጅታውን ድረስ በብስክሌት መግባት እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? ርቀቱ 540 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መኪና የሚያጋጥምዎት መንገዱ አውራ ጎዳና ሲያቋርጥና ከተማ ውስጥ ሲያልፍ ብቻ ነው። ቀሪው ጫካ፣ ወንዝ፣ ገደልና ዋሻ ነው።

ሁለት መንገዶች ተቀጥለው ነው ይህን የሠሩት። ከፒትስበርግ እስከ ሜሪላንዷ ካምበርላንድ ያለው 241 ኪሎ ሜትር «ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ» ይባላል፤ አብዛኛው ባቡር በተወው የሐዲድ መስመር ላይ የተዘረጋ ነው። ከካምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ያለው 297 ኪሎ ሜትር ደግሞ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይን ዳር ዳሩን ይከተላል። በቅሎዎች ጀልባ እየጎተቱ የተመላለሱበት መንገድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የጆርጅ ዋሽንግተን እንደነበረስ? በ1754 ገና የ22 ዓመት መኮንን ሳለ፣ በዮከጌኒ ወንዝ ጀልባ ማስኬድ ይቻል እንደሆነ ሊያጣራ ወረደ። ኦሃዮፓይል ፏፏቴ ላይ ሲደርስ ነገሩ እንደማይሆን ገብቶት ተመለሰ። ተስፋ ግን አልቆረጠም። በ1785 የፖቶማክን ወንዝ ለጀልባ የሚያመቻች ኩባንያ አቋቁሞ ፕሬዚዳንቱ ሆነ። የምሥራቁን ጠረፍ ከኦሃዮ ሸለቆ ጋር በውሃ ማገናኘት ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረ ሐሳብ ነበር።

ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የቦዩን ሥራ አካፋ ይዘው አስጀመሩ። በዚያው ቀን ባልቲሞር ላይ ደግሞ የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር መሠረት ተጣለ። ሁለቱም ወደ ካምበርላንድ ገሰገሱ። ባቡሩ በ1842 ገባ፤ ቦዩ በ1850። በዚያን ጊዜ ውድድሩ አልቆ ነበርና ቦዩ ካምበርላንድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ተራራውን ተሻግሮ ኦሃዮ ወንዝ ይደርሳል የተባለው ዕቅድም ወረቀት ላይ ቀረ። ጆርጅታውንን ከፒትስበርግ ጋር በአንድ ተከታታይ መንገድ ያገናኙት በመጨረሻ ብስክሌተኞችና እግረኞች ናቸው። የፓሴጁ የመጀመሪያው ቁራጭ ኦሃዮፓይል አጠገብ በ1986 ተከፈተ፤ የመጨረሻው ፒትስበርግ መሀል በ2013። በመካከሉ ያሉት 27 ዓመታት ገንዘብ የለመኑ፣ ጫካ የመነጠሩ፣ ድልድይ የጠገኑ በጎ ፈቃደኞች ዓመታት ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝን አክብሮት ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ቦዩ በሥራ ላይ ሳለ በቅሎዎቹ ጀልባው ላይ ያድሩ ነበር። አንዱ ፈረቃ ገመዱን ይዞ ዳር ዳሩን ሲጎትት፣ ሌላው ፈረቃ ጀልባው አፍንጫ ላይ በተሠራ ጋጣ ውስጥ ገለባውን እየበላ ያርፋል። ከኋላ የባለጀልባው ቤተሰብ የሚኖርባት ክፍል አለች፤ መሀሉ የድንጋይ ከሰል ነው፣ ከ100 ቶን በላይ።

ይህን ሁሉ ጭነት ከፍታና ዝቅታ ያሳለፉት 74 የውሃ በሮች ናቸው። ጀልባው በድንጋይ ግድግዳ መሀል ገብቶ በሩ ይዘጋል፤ ውሃ ሲጨመር ይነሳል፣ ሲቀነስ ይወርዳል፣ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል። በብዙዎቹ በሮች አጠገብ የጠባቂው ቤት ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች ጥቂቶቹ ለአዳሪ ይከራያሉ።

በቦዩ መስመር ላይ ያለው የፖ ፖ ዋሻ ርዝመት 950 ሜትር መሆኑን፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጡብ እንደፈጀ ያውቁ ኖሯል? ሥራው በ1836 ሲጀመር በሁለት ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። 14 ዓመት ፈጀ። ወንዙ እዚያ አካባቢ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ፣ ተራራውን በስቶ ማለፍ ያዋጣል ብለው ነበር መሐንዲሶቹ። ዛሬ ሲገቡበት ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ መብራት የግድ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ስለሚጎረብጥ ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ይሻላል። በእግር ሲሄዱ የእንጨት መደገፊያውን በእጅዎ ዳበስ ያድርጉት። ጣት የሚያስገቡ ጎድጓዳ መስመሮች ያገኛሉ። የበቅሎዎቹ ገመድ በየዓመቱ እየፈተገ የቆረጣቸው ናቸው።

ዋሻው በአንድ ጊዜ አንድ ጀልባ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው። ሁለት ባለጀልባዎች መሀል ላይ ተገናኝተው «አንተ ተመለስ፣ አንተ ተመለስ» እየተባባሉ ለቀናት እንደተፋጠጡ ይነገራል። የቦዩ ሠራተኞች የጨነቃቸው ጊዜ ከነፋሱ ወገን እርጥብ የበቆሎ አገዳ አቀጣጥለው በጭስ አስወጧቸው ይባላል።

ቦዩን የገደለው የ1924ቱ ጎርፍ ነው። ያዳነው ደግሞ አንድ ዳኛ። በ1954 መጀመሪያ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ቦዩ ዳር የመኪና መንገድ ቢሠራ መልካም ነው ብሎ በርዕሰ አንቀጹ ጻፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ልከው፣ ጸሐፊው ኑና አብረን እንሂድበት፣ ከዚያ በኋላ ሐሳብዎን ይንገሩኝ ሲሉ ጋበዙ። ግብዣው ተቀባይነት አገኘ። በመጋቢት ወር ከካምበርላንድ ብዙ ሰው ሆነው ተነሱ፤ ከስምንት ቀን በኋላ መንገዱን በሙሉ በእግራቸው ጨርሰው ዋሽንግተን የገቡት ዳኛውን ጨምሮ 9 ሰዎች ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ። ቦዩ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ያ ጉዞ ባይደረግ ኖሮ ዛሬ በዚህ መስመር ላይ የሚሰማው የመኪና ድምፅ ነበር።

ወደ ተራራው እንመለስ። የመንገዱ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 729 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ሲሶ አይሞላም። አቀበቱስ? ከካምበርላንድ ወገን 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣሉ፤ በየመቶ ሜትሩ ከፍታው ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ከፒትስበርግ ወገን ደግሞ ያንኑ የሚያህል ከፍታ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ተበትኖ ስለሚገኝ፣ እየወጡ መሆንዎን እግርዎ እምብዛም አያውቀውም። ምክንያቱ ባቡሩ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ከባድ ጭነት በቀላሉ ይስባል፤ አቀበት ላይ ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲሶች ተራራውን በሱ፣ ሸለቆውን በድልድይ ዘለሉ፣ ጉብታውን ቆረጡ። ለሎኮሞቲቭ ተብሎ የተደረገው ሁሉ ለልጅም ለሽማግሌም ጉልበት ተረፈ። ተራራ ለጠንካራ ስፖርተኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ይህን መንገድ ይየው።

እዚያ ጫፍ ላይ አንድ አጭር መተላለፊያ አለ፤ የምሥራቁ የአህጉር ውሃ ከፋይ መስመር ነው። በምሥራቅ በኩል የወረደው የዝናብ ጠብታ በፖቶማክ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። በምዕራብ በኩል የወረደው በኦሃዮና በሚሲሲፒ ዞሮ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይደርሳል።

ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው የቢግ ሳቬጅ ዋሻ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። በውስጡ መብራት አለው። በበረዶው ወራት ግን ውርጩ ግድግዳውን እንዳይሰነጥቀው በሮቹ ተዘግተው ይከርማሉ። በደቡብ አፉ ሲወጡ የሜሪላንድ ሸለቆዎች እስከ አድማስ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከመንገዱ ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ከዚያ በታች የሜሰንና ዲክሰን መስመር ምልክት ይገኛል። መስመሩ ከ1763 እስከ 1767 የተቀየሰ ነው። በኋላ ባርነት በሕግ የተፈቀደባትን ሜሪላንድ ከተከለከለባት ፔንሲልቬንያ የለየው እሱ ነው። በብስክሌት በአንድ እርግጫ ይሻገሩታል። ያን መስመር ሌሊት ለሌሊት በእግራቸው የተሻገሩ ሰዎች ነበሩ።

በ1912 የባቡር ሠራተኞች ካምበርላንድ አጠገብ ተራራ ሲቆርጡ አጥንት የሞላበት ዋሻ አገኙ። ዛሬ ከምድር የጠፉ የድብና ረጅም ጥርስ ያለው የድመት ወገን አጥንቶች ወጥተውበታል፤ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን ሙዚየምም ታይተዋል።

በፓሴጁ ላይ ያለው የሳልስቤሪ ድልድይ 582 ሜትር ይረዝማል፣ 31 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከሥሩ ወንዝ፣ እርሻ፣ የመኪና መንገድና አሁንም የሚሠራ የባቡር ሐዲድ አብረው ያልፋሉ።

የጠለቀ ከተማ ያለበት ሐይቅስ? ኮንፍሉዌንስ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ የዮከጌኒ ግድብ አለ። ፒትስበርግን ከጎርፍ ለመከላከል በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ሲሆን፣ ከኋላው የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሁለት ግዛቶችን ይረግጣል። ሐይቁ ሲሞላ ሰመርፊልድ የምትባል ከተማ ቦታዋን ለውሃው ለቀቀች። ነዋሪዎቿ ተነሱ፣ ቤቶቿ ፈረሱ። በ1818 የተሠራው ባለሦስት ቅስት የድንጋይ ድልድይዋ ግን አልፈረሰም፤ እንዳለ ውሃው ዋጠው። ድርቅ በበዛበት ዓመት ሐይቁ ሲሸሽ ድልድዩ ከጭቃው ብቅ ይላል። ያኔ ሰው ከየአቅጣጫው እየመጣ ይራመድበታል፤ የድሮ ቤቶች መሠረትና የመንገድ ንጣፍም አብረው ይታያሉ። ግድብ ሲነሳ ስለሚያመነጨው ኃይል ብዙ ይወራል። ቀያቸውን ስለለቀቁት ሰዎች ግን የሚወራው ውሃው ሲጎድል ነው።

ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ከሐይቁ ሥር የሚቀዳ ስለሆነ በበጋም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወደው ትራውት ዓሣ ከግድቡ በታች የሚበረክተው ለዚህ ነው።

በቦዩ በኩልም ግድብ ያቆመው ውሃ አለ። ከግድብ ቁጥር 4 በላይ ገደሉ ቦይ ለመቆፈር ስላላስቻለ ጀልባዎቹ ወደ ወንዙ ወጥተው በተኛው ውሃ ላይ ይሄዱ ነበር፤ በቅሎዎቹ ደግሞ ከገደሉ ሥር በተጠረበ ጠባብ እርከን ላይ። ጎርፍ እርከኑን በልቶት ብስክሌተኞች ለዓመታት በመኪና መንገድ ሲዞሩ ኖረዋል። በ2012 በሲሚንቶ ተሠርቶ ተከፈተ።

ፒትስበርግ ውስጥ የሚሻገሩበት ሆት ሜታል ድልድይ ድሮ የቀለጠ ብረት በባቡር ከወንዙ ማዶ ለማዶ የሚመላለስበት ነበር።

ለመንገዱ ምን ያስፈልጋል? ፓሴጁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ልስልስ ነው፤ የቦዩ ዳር ግን አፈርና ጠጠር ነው፣ ከዝናብ በኋላም ይጨቀያል። ቀጭን የአስፋልት ጎማ አይመችም፤ ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት ጀርባዎን በጭቃ ያለብሰዋል። በቦዩ ዳር ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ የድንኳን ቦታዎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ በሞቃት ወራት በእጅ የሚሳብ የውሃ ፓምፕ አላቸው። በጥቅምት መግቢያ የተራራው ቅጠል ቀይና ቢጫ ሲሆን ከዚህ የሚበልጥ ወቅት የለም።

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ የቦዩ መንገድ መነሻ ጆርጅታውን ውስጥ፣ ሮክ ክሪክ ፖቶማክን በሚቀላቀልበት ዳር ነው። ለጀማሪ ከዚያ እስከ ታላቁ ፏፏቴ 23 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልጆችን ይዞ ሄዶ ለመመለስ አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ረጅሙን ለሚፈልግ ከዩኒየን ስቴሽን በአምትራክ ባቡር ብስክሌቱን ይዞ ካምበርላንድ ይወርዳል፤ ከዚያ በቀን 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ከወንዙ ጋር ቀስ እያለ እየወረደ፣ በአምስት ቀን ቤቱ ይገባል። በባቡሩ ላይ የብስክሌት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ከትኬቱ ጋር አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።