ዓሣ በግቢ? መጀመሪያ ሚስት፣ ቀጥሎ ውሃ!

ሰው ቤት ሠርቶ ግቢ ካጠረ በኋላ የሚያምረው ነገር አያልቅም። አንዱን የብረት በር ያምረዋል፤ አንዱን ሴራሚክ፤ ሌላውን ከጎረቤቱ የበለጠ ዲሽ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አንዳንድ ወጣቶች አዲስ አምሮት ይዘዋል። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ቀይና ነጭ፣ ወርቃማና ጥቁር ዓሣ ማስዋኘት! ዓሣው "ኮይ" ይባላል። ለወጥ ሳይሆን ለዓይን ነው። "ለዓይን ብሎ ዓሣ ምን ሊረባ?" ትሉ ይሆናል። ለመሆኑ ጽጌረዳስ የሚተከለው ለወጥ ነው እንዴ?

አምሮቱ ክፋት የለውም። ክፋቱ ሳይጠይቁ መቆፈሩ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ የጊኒር ወጣት ጥሩ ማሳያ ይሆነናል። ዕድሜው 29 ነው። በእንጨት ሥራ ይተዳደራል። ትዳር ከመሠረተ 3 ዓመቱ ሲሆን የ2 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። አንድ እሑድ ጠዋት ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ ሁለት የቀን ሠራተኛ ያመጣና ግቢውን ማስቆፈር ይጀምራል። የት? ልክ ልብስ በምታሰጣበት ቦታ፣ ከበረንዳው አራት እርምጃ ላይ! ሚስት ዘንቢሏን ይዛ ስትመለስ ጉድጓዱ ወገብ ደርሷል።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የዓሣ ገንዳ ነው። ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ …"

"የዓሣ ነው የልጄ መቃብር?"

በቃ! ሌላ ቃል አልተናገረችም። ልጅቷን አዝላ እናቷ ቤት ገባች። ነገሩ ሽማግሌ ድረስ ሄደ። ሳቅ ሳቅ ይላል አይደል? እሱ ግን አልሳቀም። "ዓሣ ሳልገዛ ቤቴ ባዶ ቀረ" ነበር ያለኝ።

ሽማግሌዎቹም በሳል ነበሩና "ጉድጓዱ ይደፈን" ብለው አልፈረዱም። "ልጄ፣ የሚያስፈራሽን አንድ በአንድ ንገሪን" አሏት። እሷም ሦስት ነገር ቆጠረች። ልጄ፣ ወባ፣ ውሃ። እውነቱን ለመናገር ስለ ገንዳ የሚጽፉ ብዙ የውጭ መጻሕፍት ከዚህች ሴት የተሻለ ዝርዝር አላቀረቡም። እስቲ እኛም በሷ መንገድ እንሂድ።

አንደኛ፦ ልጅ

ሕፃን ውሃ ውስጥ ሲሰምጥ እንደ ፊልም አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም። ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ባሕር አያስፈልግም፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እንኳ ይበቃል። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ ወይም የጎረቤት ልጅ ገባ ወጣ የሚል ከሆነ፣ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ አጥሩ፣ ከዚያ ቆፍሩ። አጥሩ ልጅ የማይንጠላጠልበት፣ በሩም ራሱን የሚዘጋና መቀርቀሪያው ከላይ የሆነ ይሁን። ውሃው ላይ ጠንካራ የሽቦ መረብ በብረት ፍሬም መዘርጋትም ይቻላል። መረቡ ዓሣውን ከድመትና ከወፍም ያድንላችኋል። "እኔ እኮ ሁሌ አያታለሁ" የሚል አባት ካለ ስልኩን አስቀምጦ ይናገር!

ልጆቹ ገና ትናንሽ ከሆኑ ሦስት ዓመት መታገስስ ምን ይጎዳል? ጉድጓዱ የትም አይሄድም።

ሁለተኛ፦ ወባ

በአገራችን በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያለ ቦታ ወባማ ተብሎ ይቆጠራል። ጎባ 2 ሺህ 700፣ ሮቤ 2 ሺህ 500 ገደማ ላይ ስለሆኑ ብርዱ ይከላከልላቸዋል። ጊኒር ግን እዚያው ድንበሩ ላይ ነች። ስለዚህ የሴትዮዋ ፍርሃት የፈሪ ወሬ አይደለም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ "ውሃ ማቆር" ተብሎ በየገበሬው ደጅ ስንትና ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀደደ፤ አንዳንዶቹ ያለ ክዳንና ያለ አጥር ቀሩና የትንኝ መፈልፈያ ሆኑ። በዚያ ላይ አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የምትባል፣ ከተማ የምትወድ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ተገኝታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜልና የውሃ ገንዳ ይበቃታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውሃ ላይ ነው። በሞቃት ቦታ እጩ በአንድ ሳምንት ከምናምን ውስጥ አድጎ ይበራል። ውሃው በትንሽ ፓምፕ ከተንቀሳቀሰና ዳር ዳሩ ላይ ሣር ካልበቀለ ትንኟ አይመቻትም። ትናንሽ ዓሦችም እጩን ይለቅሙታል። አደገኛው ገንዳ ዓሣ ያለበት አይደለም። "በኋላ እጨርሰዋለሁ" ተብሎ ዝናብ የሞላው ባዶ ጉድጓድ ነው። ከጀመራችሁ ጨርሱ፤ ካልጨረሳችሁ ድፈኑ።

ሦስተኛ፦ ውሃ

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ገንዳው 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ወርድ፣ 1 ሜትር ከ20 ጥልቀት ይኑረው። ሲባዛ 7 ነጥብ 2 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይኸውም 7 ሺህ 200 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 360 ጀሪካን! ቧንቧ በሳምንት አንዴ ብቅ በሚልበት ሰፈር፣ ጎረቤት ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ እናንተ 360 ጀሪካን ለዓሣ ብታፈሱ ምን ይባላል? ከዓሣው በፊት እናንተ ትጠመዳላችሁ።

በዚህ አያበቃም። ጠራራ በሆነ ወቅት ውሃው በቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ሊተን ይችላል። በዚህ ገንዳ ላይ ያ ማለት 30 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ተኩል ነው። በየቀኑ!

መፍትሔው ጣራችሁ ላይ ነው። ባሌ ሁለት የዝናብ ወቅት የታደለ አገር ነው፤ ገበሬው "ገና" እና "ቦና" ብሎ ሁለቴ ያመርታል። የቆርቆሮ ጣራ አሸንዳ ከተገጠመለትና ሮቶ ካላችሁ ገንዳው ቧንቧ ሳይነካ ይሞላል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ወደ ውጭ ልቀቁት። ከገንዳው የሚወጣው አሮጌ ውሃም አይደፋም። የዓሣ ኩስ ያለበት ስለሆነ ለጎመንና ለቃሪያ ማዳበሪያ ነው። ጊኒሬዋን ሚስት ያለዘባት ይኼ ነጥብ ነው አሉ። "ጎመኔን የሚያጠጣልኝ ከሆነ ይሁን" ብላ ተመለሰች። ጉድጓዱ ከበረንዳው ርቆ፣ ወደ ጓሮ ዞሮ፣ ታጥሮ ተሠራ። ዛሬ ምግቡን የምትሰጠው እሷ ናት። የልብስ ማስጫ ገመዷም ወደ ቦታው ተመልሷል።

ዓሣው ማን ነው?

ኮይ የካርፕ ዘር ነው። ጃፓን ውስጥ ኒጋታ በሚባል አካባቢ ሩዝ አምራቾች ለመብል ከሚያረቡት ካርፕ መካከል ቀለም ያላቸውን እየመረጡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አባዙት። እ.ኤ.አ. በ1914 ቶኪዮ ላይ በኤግዚቢሽን ቀረበና ስሙ ወጣ። ቀለም የሌለው ካርፕ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከውጭ የገባ ቢሆንም ዛሬ ዝዋይና ቆቃ ላይ ይጠመዳል።

የዓሣ ምርጫ በደጋና በቆላ ይለያያል። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። አንድ የጎባ ወጣት "ዓሣ ዓሣ ነው" ብሎ ቆሮሶ ከተተና አንድ የብርድ ሌሊት ጨረሰበት። ካርፕና ኮይ ግን ብርድ ይችላሉ። ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን መብላት ይቀንሳሉ እንጂ አይሞቱም። በዚያን ጊዜ ምግብ አትስጧቸው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለመደው ትራውትስ? እሱ ቀዝቃዛና የሚፈስ ውሃ ካላገኘ አይሆንለትም። ለገንዳ አትመኙት።

አቆፋፈሩ

በጋ ላይ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቆፍሩ። ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከቤት መሠረትና ከባሕር ዛፍ ራቁ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃውን ይመርዘዋል። የቀኑን ግማሽ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ጥሩ ነው። አፉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ አለበለዚያ ጎርፉ የግቢውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ ይገባል።

አፈሩ መረሬ ከሆነ ሲሚንቶ አትመኑ። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲሚንቶውንም ይዞት ይሰነጠቃል። ወፍራም ፕላስቲክ፣ ገበሬው ጂኦሜምብሬን የሚለው፣ ይሻላል። ከሥሩ አሮጌ ጆንያ ወይም ምንጣፍ አንጥፉ። ልኩን ለማግኘት በርዝመቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጥልቀቱን፣ ከዚያ ለዳርና ዳር 1 ሜትር ደምሩ። ወርዱንም እንዲሁ። ላሰላነው ገንዳ 6 ሜትር ከ40 በ5 ሜትር ከ40 ይመጣል። ሲሚንቶ ከሆነ ግድ ካላችሁ ግን ሞልታችሁ ሳምንት አቆይታችሁ ድፉ። ይህን ቢያንስ ሦስቴ ደጋግሙ። አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ ዓሣ ይገድላል።

ማጣሪያ ለመግዛት አቅም ከሌለ አንድ በርሜል፣ ጠጠር፣ ስፖንጅና የሽንኩርት መረብ ጆንያ ይበቃል። ፓምፑ ውሃውን ወደ በርሜሉ ይገፋል፤ ውሃው በጠጠሩና በስፖንጁ አልፎ ይመለሳል። ቁም ነገሩ ጠጠሩ ላይ የሚያድሩት፣ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ ሰባብረው ጉዳት ወደማያመጣ ነገር የሚለውጡት እነሱ ናቸው። እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ሁለት ዓሣ አስገቡና ጠብቁ።

አስር ዓሣ ባንዴ? ኧረ ተው!

ሮቤ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ወጣት ደንበኛ ይስብልኛል ብላ ገንዳ አስቆፈረች። ዓሣው አምሮ፣ ደንበኛውም በዝቶ ነበር። ለበዓል "ላጽዳው" አለችና ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቀይራ ቀጥታ ከቧንቧ ሞላችው። ሲነጋ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተገኙ። የገደላቸው ለእኛ ጤና ተብሎ ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ አፉ በተከፈተ በርሜል ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይደር። ውሃ ሲቀየርም በሳምንት ከአሥር አንድ እጅ፣ ቢበዛ ከአምስት አንድ እጅ ነው እንጂ በጭራሽ ሙሉው አይደፋም።

ቁጥሩም ይታሰብበት። ኮይ ስትገዙት ጣት ያክላል። ሲያድግ ክንድ ያክላል፤ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በደንብ ከተያዘ አሥርት ዓመታት ይኖራል። ለአንድ ትልቅ ኮይ 1 ሺህ ሊትር ስጡት። ባሰላነው ገንዳ 6 ወይም 7 ማለት ነው። መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆንን ከ5 ባታልፉ ይሻላል። ሲነጋጋ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ካደረጉ አየር አጥሯቸዋል። ያን ጊዜ የገንዳውን ውሃ በባልዲ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ፤ መብራት እስኪመጣ ደጋግሙት።

ዓሣው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ እስከ ሮቤ ብቻ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመጫኑ በፊት አንድ ቀን አይብላ። ላስቲኩ ኦክስጅን ይሞላበት፣ ከፀሐይም ይጋረድ። ስትደርሱ ላስቲኩን እንደታሰረ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ትለቋቸዋላችሁ። ምግብ በ5 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይበቃል። የተረፈ እንጀራና ዳቦ ገንዳ ውስጥ መጣል ውሃውን ማበስበስ ነው።

አንድ የመጨረሻ አደራ። ቢሰለቻችሁ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት! ካርፕ የውሃውን ወለል እየቆፈረ ያደፈርሳል፣ የውሃ ተክሉን ይነቅላል። ወይብ ከባሌ ተራሮች ተነስቶ በሶፍ ዑመር ዋሻ አቋርጦ የሚወርድ ወንዝ ነው። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእናንተ ስልቸታ የዚያን ወንዝ ዓሣ ማጥፋት የለበትም። ለሚፈልግ ሰው ስጡ፤ ጠያቂ አይጠፋም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት አምስት ነገር ጠይቁ። ቤት ውስጥ የተስማማ አለ? ልጆቹ የት ይጫወታሉ? ውሃው ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ማን አለ? መንገድ ስሄድ ማን ያበላቸዋል? አምስቱም መልስ ካገኙ ቆፍሩ። አንዱ ካልተመለሰ ግን ጽጌረዳ ትከሉ። እሱም ያምራል፤ ማንንም አያሰምጥም።

ቸር ይግጠመን!