ውሻና የጌታው ዕዳ

ውሻ ለገበሬ ቤት ዘበኛ ነው፤ ከአጥር ወጥቶ በመንገድ የቆመ ዕለት ግን የመንገደኛ ጠላት ይሆናል። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ገበያ የሚመለሰው፥ ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚሄደውም ሕዝብ በሰላም ማለፍ ይገባዋል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንደሚያዝዘው፥ እንስሳው በድንገት አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል። ስለዚህ «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» ማለት ከዕዳ አያድንም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ጠበል መጠመቁም ክትባቱን አያስቀር። የወረዳና የቀበሌ ሹማምንትም ባለውሾች ሁሉ ውሾቻቸውን ቀን እንዲያስሩና በየዓመቱ እንዲያስከትቡ በገበያ ቀን ያስታውቁ።