ያውቁ ኖሯል? የአክራ ቁጣና የካካዎ ዛፎች
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) በአክራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የተዋጉ የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታ ይዘው ወደ አገረ ገዥው መኖሪያ ሲያመሩ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። ከተማዋ ታመሰች፤ የአውሮፓውያን ኩባንያዎች መደብሮች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ።

ለንደን በኤይከን ዋትሰን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ወደ ጎልድ ኮስት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና፣ ላከች። ኮሚሽኑ ከፖለቲካው ጥያቄ ጋር ገበያውንና እርሻውንም መረመረ፦ ሰማይ የነካ የሸቀጥ ዋጋ፣ የውጭ ኩባንያዎች የያዙት የገቢ ንግድ፣ እንዲሁም በበሽታ ምክንያት በመንግሥት ትእዛዝ የሚቆረጥ የካካዎ ዛፍ። በሽታው እውነተኛ ነበር፤ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ግን ተክሎ ዓመታት የጠበቀ ገበሬ፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፉ ዓይኑ እያየ ሲገነደስ እንዴት ዝም ይበል?

ኮሚሽኑ ገና በ1946 የወጣው ሕገ መንግሥት እንዲለወጥ መከረ። ጋና በ1957 ነጻ ወጣች።