የደም ስኳርን በምግብና በቤት ውስጥ ልኬት መቆጣጠር
የደም ስኳርን ከሁሉ በላይ ከፍ የሚያደርጉት እንደ እንጀራ፣ ዳቦና ሩዝ ያሉ ኃይል ሰጪ ምግቦች ናቸው። የስኳር ሕመምተኛ እነዚህን ፈጽሞ መተው የለበትም፤ እንጀራውን ቀንሶ ምስርና ጎመን ቢያበዛ የደም ስኳሩ በዝግታ ከፍ ይላል። ለስላሳ መጠጥ ግን በፍጥነት ያሻቅበዋል።

ቤት ውስጥ ለመለካት እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ፣ የጣትን ጫፍ በጎን በኩል ወጋ አድርጎ የደም ጠብታውን መለኪያው ላይ ከተሰካው መመርመሪያ ስትሪፕ ጋር ማነካካት ነው። ሙዝ የላጠ እጅ ሳይታጠብ ከተለካ ውጤቱ ከእውነተኛው በላይ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ሌላ ካላዘዘ፣ ለብዙ አዋቂ ሕመምተኞች የደም ስኳር መጠን ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ180 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ይመከራል። ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ያህል ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።