ሻይና ወይን በአንድ ብርጭቆ

ከቁርስ በተረፈ ወፍራም ሻይ ላይ ቀይ ወይን ጠጅ የጨመረበት ሰው ሁለተኛ ለመሞከር ያመነታል። አፍን ኮምተር፣ ጉሮሮን ደረቅ የሚያደርግ፣ ከሻዩም ከወይኑም ያነሰ መጠጥ ይሆንበታል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የሚወቅሱት ወይኑን ነው፤ በቀጣዩ ደግሞ ውድ ጠርሙስ ይገዛሉ። እኔ ግን ነገሩ የሚበላሸው ሻዩ ሲፈላ ነው እላለሁ። ወይኑ ተሠርቶ፣ ተጣርቶ፣ ታሽጎ የመጣ ነው፤ እኛ ልንቆጣጠረው የምንችለው ሻዩን ብቻ ነው።

የሻይ ቅጠልና የወይን ፍሬ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ታኒን የሚባለው የንጥረ ነገሮች ቤተሰብ። በሻይ ከቅጠሉ፣ በወይን በአብዛኛው ከፍሬው ልጣጭና ዘር ይወጣል። ታኒን ምራቃችን ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ምራቅ አፍን የሚያለሰልሰው በእነዚሁ ፕሮቲኖች ስለሆነ፣ እነሱ ሲያዙ ምላስና ድድ መፋተግ ይጀምራሉ። ጎምዛዛ የምንለው ስሜት ይኸው ነው። ለብቻው ሲሆን ይወደዳል፤ ሻይን ሻይ፣ ቀይ ወይንንም ቀይ ወይን የሚያሰኘው እሱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይደራረባል፤ መዓዛውም ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል።

ከዚህ ተነስቶ ማስላት ይቻላል። ቀይ ወይን ከነልጣጩና ከነዘሩ ስለሚብላላ ታኒኑ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን ሻይ ይፈልጋል። ነጭ ወይን ጭማቂው ከልጣጩ ተለይቶ የሚብላላ በመሆኑ ታኒኑ ጥቂት ነው፤ ጠንከር ያለ ሻይ ይችላል። ስኳር ደግሞ ጎምዛዛነቱን ያለዝበዋል። ጣፋጭ የሆነው አክሱሚት ወይን ከሻይ ጋር ሲገባ ያለ ተጨማሪ ስኳር የሚስማማው ለዚህ ነው።

ይህን ስሌት ሳይንሱ ሳይነገራቸው በእጃቸው የደረሱበት ሰዎች ነበሩ። ፓንች የተባለው መጠጥ በ17ኛው መቶ ዘመን ከሕንድ ጋር ይነግዱ በነበሩ እንግሊዞች አማካይነት ወደ አውሮፓ ገባ። የእንግሊዙ ጆርጅ አራተኛ ከመንገሡ በፊት የታመመ አባቱን ተክቶ እንደራሴ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1811 እስከ 1820። በዚህ ማዕረጉ የተሰየመው የእንደራሴው ፓንች አሠራሩ ከጸሐፊ ጸሐፊ ቢለያይም፣ አረንጓዴ ሻይና ሻምፓኝ ደጋግመው ይገኙበታል። ከእነሱ ጋር ብራንዲ፣ ሎሚና ስኳር ይገባሉ። አመራረጡን ልብ በሉ። ሻምፓኝ ታኒኑ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ግን የጎላ ወይን ነው። ሻዩ ለመጠጡ ወገብ ይሰጠዋል፣ ወይኑ ያነቃዋል፣ ስኳሩ ያስታርቃቸዋል። የሎሚው ልጣጭ ከስኳሩ ጋር ታሽቶ ዘይቱን እስኪተፋ መቆየቱም ትልቅ ብልሃት ነው፤ ጭማቂ ብቻውን የማይሰጠው መዓዛ የሚገኘው ከዚያ ዘይት ነውና።

በኦስትሪያ ተራሮች ደግሞ ያገርተ የሚሉት የአዳኞች ሻይ አለ። መሠረቱ ጥቁር ሻይና ሮም ነው፤ በየቤቱ ሲሠራ ግን ቀይ ወይን፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይጨመርበታል። ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለኦስትሪያ ብቻ የተጠበቀ በመሆኑ፣ የጀርመን አምራቾች ተመሳሳዩን መጠጥ በሌላ ስም ይሸጡታል። ቅመሞቹን ያየ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ሳያስታውስ አይቀርም፤ ቀረፋና ቅርንፉድ እኛም ሻያችን ውስጥ የምንጨምራቸው ናቸው። አውሮፓ ወይን የሚያሞቅባቸውና እኛ ሻይ የምናፈላባቸው ቅመሞች አንድ ከሆኑ፣ ሁለቱን ማገናኘት ለእኛ ወጥ ቤት እንግዳ ነገር አይሆንም።

በእኛ ቤት ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ ላይ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ አራት አምስት ቅርንፉድና ጥቂት ሄል ጨምሮ አሥር ደቂቃ ያህል ማፍላት ያስፈልጋል፤ ቅመም ጊዜና ሙቀት ይወዳል። ከዚያ ከእሳት አውርዶ ሁለት የሻይ ማንኪያ የውሽውሽ ወይም የጉማሮ ሻይ ቅጠል መጨመር፣ ሦስት ደቂቃ መክደንና ማጥለል። ቅጠሉ እሳት ላይ መንተክተክ የለበትም፤ ጎምዛዛው ተሟጦ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ መሆኑ በዚህ ረገድ ደጋፊ ነው። ስኳሩ ትኩስ ሻዩ ላይ ከሟሟ በኋላ በመጨረሻ ግማሽ ሊትር ቀይ ወይን፣ ለምሳሌ ጉደር፣ ይጨመራል። እንደገና በለስላሳ እሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ መታየት ሲጀምር፣ አረፋ ሳያወጣ ይወርዳል። አልኮል ብቻውን በባሕር ጠለል ላይ በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ በደጋ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት። ድብልቁ ሲፈላ አልኮሉ በአንድ ጊዜ ባይተንም፣ የወይኑ ስስ መዓዛ ግን ቀድሞ ይሄዳል፤ የሚቀረው የተቀቀለ ፍሬ የሚሸት ኮምጣጣ ነገር ነው።

የእኔ ምርጫ ግን ቀዝቃዛው ነው። አሠራሩ በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሥር ግራም ያህል ቅጠል ዘፍዝፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ታኒኑንም ካፌኑንም ከፈላ ውኃ ባነሰ መጠን ስለሚያወጣ፣ ሻዩ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ተጠልሎ እንደ አዋሽ ክሪስታል ካለ ደረቅ ነጭ ወይን ጋር እኩል ሲቀላቀል ቀለሙ ይፈካል። ምክንያቱ ሻይ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ከምናየው ጋር አንድ ነው፤ የወይኑ አሲድ የሻዩን ቀለም ሰጪዎች ያደበዝዛቸዋል። የብርቱካን ልጣጭ ጣል ቢደረግበት ይበልጥ ያምራል። በዚህ መንገድ ሲሠራ ሻዩም ወይኑም ተለይተው ይታወቃሉ፤ በትኩሱ ላይ ቅመሙ የሚጫናቸው እዚህ ነጻ ይሆናሉ።

አንድ ጥንቃቄ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። 12 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ከእኩል ሻይ ጋር ሲቀላቀል ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ይህ ከብዙ ቢራዎች ከፍ ያለ ነው። ስኳሩና ቅመሙ ግን አልኮሉን ይሸፍኑታል፣ ጠጪውም ሻይ የሚጠጣ ይመስለዋል። ካፌን ድካምን ያስረሳል እንጂ ስካርን አይቀንስም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ካፌን የጨመሩ የአልኮል መጠጦችን የሚሠሩ አራት ድርጅቶችን ያስጠነቀቀው ጠጪው መስከሩን እንዳያስተውል ያደርጋል በሚል ስጋት ነበር። በሻይ ውስጥ ያለው መጠን ከእነዚያ ያነሰ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። እንግዳ ሲቀርብለት ወይን እንዳለበት ይነገረው፤ መኪና የሚነዳም ይለፈው።

በመጨረሻም ስለ ቀዝቃዛው አንድ ነገር ልጨምር፤ በትኩሱ የፈላ ሻይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ደፍረስ ሊል ይችላል። ይህ የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ሻዩ ሲቀዘቅዝ ካፌኑና ታኒኑ ተያይዘው የሚፈጥሩት ደመና ነው። ወይኑን ከመጨመር በፊት ትንሽ የፈላ ውኃ ጠብ ሲደረግበት መልሶ ይጠራል።